የእማማ ዒላማ ጃኬትና የቀጭኔ ጥይት

አንባቢ ሆይ፣ ይቅርታ። እንዲህ ብሎ መጀመር ደንብ ይሁን አይሁን እንኳ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ እስከ ዛሬም ረጅም ቃል ሲያጋጥመኝ ወንዝ እንደሞላበት መንገደኛ ዳር ላይ ቆሜ መሻገሪያ እፈልጋለሁ። ሥራዬ ካውያ ነው። የተጨማደደ ልብስ አቀናለሁ፤ ወሬ ማቅናት ግን አልሞከርኩም። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚጽፉ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ግን እዚያ አልነበሩም። ባለታሪኩም አሠሪዬ ነው። ደግሞም እማማ ዒላማ ራሳቸው «ጻፈው፤ እኔ የማፍርበት ዕድሜ አልፏል» ብለውኛል። ስህተት ብታገኙ በእኔ ይሁን፤ ሳቅ ብታገኙ ግን የእነሱ ነው።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ቀጭኔ ይለዋል። በገዛ ሱቁ በር ጎንበስ ሳይል አይገባም፤ ያም ሆኖ ግንባሩ ላይ አዲስ እባጭ ያልታየበት ሳምንት የለም። ሜትሩን ከአንገቱ አያወርድም። ደረቱ ላይ፣ ከኮሌታው በታች፣ ሁልጊዜ ክር የገባላት አንዲት መርፌ ተሰክታለች፤ «የተቀደደ ነገር ቀጠሮ አይሰጥም» ይላል። ሱቁ ከፀጉር ቆራጩ ሱቅ ጋር የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ወዲህ የሚያስነጥስ ሰው ወዲያ «ይማርህ» ይባላል። ስለዚህ በዚያ ሱቅ ምስጢር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም።

ፋርማሲ የምትሠራው ልጅ መጀመሪያ የመጣችው ኪሱ የተቀደደ ነጭ ጋዋኗን ይዛ ነው። ቀጭኔ ሰፋላት። ብዙም ሳትቆይ ሌላው ኪስ ተቀዶ መጣች። ሰፋላት። ከዚያ እጅጌው ተቀደደ፣ ከዚያ ኮሌታው።

«ይሄ ጋዋን ከሰው ጋር ይጣላል እንዴ?» አላት።

«የለም፣ ራሴ ነኝ የምቀደው» አለችው፤ ቀና ብላ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ከግድግዳው ወዲያ ፀጉር ቆራጩ «አንተ ደነዝ፣ አሁንስ ገባህ?» ብሎ ጮኸ። ቀጭኔ ያን ቀን የሦስት ሰው ሱሪ አሳጥሮ ሰፋ።

ፍቅሩ እንዲህ ተጀመረ። ጭንቁ እናትየው ነበሩ። እማማ ዒላማ የሚባሉት በከንቱ አይደለም። ከባላቸው ጋር ሲያድኑ የኖሩ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህም በየዓመቱ የአንድ ጎሽ ፈቃድ አውጥተው ለአደን ቆላ የሚወርዱ ሴት ናቸው። ሲራመዱ መሬቱ ራሱ መንገድ የሚለቅላቸው ይመስላል።

ልጅቱ ወደ እናቷ ቤት ከመውሰዷ በፊት አስጠነቀቀችው። «እማዬ መንገደኛውን ሁሉ ልጄ ነው የምትለው። ፖስተኛውን ልጄ፣ ቧንቧ ሠሪውን ልጄ። እኔን ሊያገባ የመጣ ሰው ግን ካልፈቀደች ልጄ አትለውም፤ ቃሏን እንደ መጨረሻ ጥይት ነው የምትይዛት። ካለችህ አለቀ፤ ቀለበት ግዛ። ካላለችህ ግን እኔም እናቴን አሳዝኜ አልወጣም፤ ይህን ዕወቅልኝ።»

ቀጭኔ ምራቁን ዋጠ። በዚያ ረጅም አንገት ውስጥ ምራቅ ሲወርድ ከሩቅ ይታያል።

ቤታቸው ሲገባ የበሩ መቃን ግንባሩን መታው። እማማ ዒላማ ከወንበራቸው ሳይነሱ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት፤ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ቀጭኔ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ። ሰው ያወጣልኝ ነው።»

«ቀጭኔ እኮ ያለ ፈቃድ አይታደንም። ይቺ በምን አጠመደችህ?»

«ወጥመዱ ውስጥ ራሴ ነኝ ገብቼ የተቀመጥኩት።»

የአፋቸው ጥግ ሊንቀሳቀስ አለና ተመለሰ። «ለመሆኑ ተኩሰህ ታውቃለህ?»

«ኮትና ሱሪ ነው፣ እማማ። እሱንም ካውያ የሚይዝልኝ ሰው አለኝ።»

ልጅቱ ሻይ ይዛ ስትገባ ሳቋን አፍና ትሪውን አንቀጠቀጠችው። እናትየው ግን ቁም ነገራቸው ላይ ነበሩ። ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሁለት ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ።

«ይሄ ነጎድጓድ ነው፤ የሟቹ ባለቤቴ። ያቺ ደግሞ እመቤት ናት፤ በልጅነቴ እኔ የያዝኳት። ከነገ ወዲያ ጎሽ እወርዳለሁ። ሟቹ ያወጣው አንድ ደንብ አለን፦ ወደዚህ ቤት ሊገባ የሚፈልግ ሰው የአደኑን ጥይት እሱ ይመርጣል። እያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱን ጥይት እንጂ የሌላውን አይጎርስም፤ ስለዚህ ጥይቱን ስትመርጥ ጠመንጃውንም መረጥክ ማለት ነው። እና ደግሞ...» ጣታቸውን አነሱ፤ «ጥይቱን የመረጠ ከተኳሹ ጎን ይቆማል። መጥፎ ከመረጥክ ጎሹ ሁለታችንንም ያገኘናል። ይህን ካወቅህ ወዲያ ምረጥ።»

ቀጭኔ በድንጋጤ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ሰው ሲደነግጥ የለመደውን ይሠራል፤ እሱም ሜትሩን ከአንገቱ ስቦ የጠመንጃዎቹን አፈሙዝ እንደ እጅጌ ጫፍ ለካ። ለክቶም በጠመኔ መዳፉ ላይ ጻፈ። እማማ ዒላማ እንዲህ ያለ ነገር በዘመናቸው አይተው አያውቁም።

ሲወጣ ግን ዓይኑ በሩ አጠገብ የተሰቀለ የአደን ጃኬት ላይ አረፈ። አረፈና ሊነሳ አልቻለም። አዬ ጃኬት! የቀኝ ትከሻው እንደ ግመል ሻኛ አብጧል። ስፌቱ ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስላል፤ ክሩም በአንድ በኩል ጥቁር፣ በሌላው ሰማያዊ። ሰፊ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም ማለት አይችልም፤ ጥርሱ ያመዋል።

«የእማዬ ነው» አለችው ልጅቱ በሹክሹክታ። «እኔንም ሁልጊዜ ያስጠላኛል። ወስደህ አስተካክልላትና አስደስታት እስቲ።»

የቀጭኔ ስህተት ይህች ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ጃኬቱን እንኳ አያየውም ነበር። እሱ ግን በብብቱ ይዞት በረረ። ሱቅ እንደገባ ገበሩን ተረተረ። ከውስጡ ምን ወጣ? ተጣጥፎ የተጠቀጠቀ የብርድ ልብስ ቁራጭ፣ በላዩም አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ!

«ትከሻ ውስጥ ካልሲ!» ብሎ ጮኸ። «ይሄንን የሰፋው ሰው ፈቃዱ ይነጠቅ!»

«እግሩ ከየት ገባ?» አለ ፀጉር ቆራጩ ከወዲያ።

ካልሲውንና ቁራጩን ቁርጥራጭ ጨርቅ የምንጥልበት ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። ትከሻውን እንደገና ቆረጠ፣ ሰፋ፤ እኔም ተኮስኩት። የሙሽራ ኮት መሰለ። ልጅቱ ማታውኑ ወሰደችው። በማግሥቱ ወደ ሥራ ስታልፍ ብቅ ብላ «አይታ ዝም አለች» አለችን። «ትከሻውን እየደባበሰች ዝም! እንዴት ብትደሰት ነው?» ቀጭኔ በደስታ የስፌት መኪናውን ፔዳል ያለ ጨርቅ ረገጠ።

የቀረው ጥይቱ ነበር። ምክር በነጻ የሚሰጠው ፀጉር ቆራጩ ምላጩን እንደያዘ መጣ። ጎሽ በሥዕል እንጂ በአካል አይቶ አያውቅም።

«ስማኝ ወንድሜ። ጎሽ ማለት ግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ በመርፌ አይበሳም። ትልቁን! ከትልቁም ትልቁን! አማት ፊት ትንሽ ጥይት ይዞ የሚቀርብ ሰው ጎሹ ቢምረው አማቱ አይምሩትም።»

«ልክ ነህ» አለ ቀጭኔ።

ቀጥ ብሎም ወደ ጥይት መሸጫው ሄደ። ሻጩ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ቀጭኔ መዳፉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋላቸው። «ጋሼ፣ በዚህ ልክ ጥይት ፈልጌ ነበር። ትንሽ ላላ ይበል፤ ሲገባ እንዳይጨንቀው።»

ሰውየው መዳፉን አዩ፣ ፊቱን አዩ። «ይሄን ከየት ለካህ?»

«ከአፉ።»

«በአፉ ልታጎርሰው ነው? ኧረ ጌታዬ! ጥይት በኋላ ነው የሚገባው! ቀለሁ፣ ይህ የነሐስ ቀፎው፣ ከአፈሙዙ ይወፍራል፤ እዚያው ከኋላ ይቀራል። በፊት የሚወጣው ጫፉ ላይ ያለው አረሩ ብቻ ነው። በአንተ ልክ ብሸጥልህ ጥይቱ እንደ ለውዝ ውስጡ ይንገጫገጭ ነበር።» አንዱን አንስተው አቆሙለት። «እየው። ይሄ ወገቡ ነው፣ ይሄ ትከሻው፣ ይሄ አንገቱ።»

ቀጭኔ ፊቱ በራ። «ትከሻ አለው? አንገትም አለው? ታዲያ ይሄን ቀድመው አይነግሩኝም! እኔ እኮ ባዕድ አገር የመጣሁ መስሎኝ ነበር!» ብሎ ሜትሩን መዘዘ። ሻጩ ሜትሩን በትህትና ወደ አንገቱ መለሱለት።

ከዚያ ተረጋግተው አስረዱት። ለሚዳቋ ጫፉ ለስላሳ አረር ይበቃል፤ ገብቶ ይደፈጠጣል። ጎሽ ግን ቆዳው ወፍራም፣ አጥንቱ ግንድ ነው፤ ከባድና የማይደፈጠጥ አረር ካልሆነ ቁጣውን ማባባስ ነው። የእማማን ሁለት ጠመንጃዎች ያውቋቸዋል፤ የሁለቱንም ጥይት ጎን ለጎን አቆሙ። የነጎድጓድ ጥይት የሰው አውራ ጣት ያህላል። የእመቤት ቀጠን፣ መለል ያለች ናት።

«የትኛው ጎሽ ይጥላል?»

«ሁለቱም። ከእመቤት በታች ብትለኝ አልሸጥልህም፤ ሕጉም አይፈቅድ። ከእሷ በላይ ግን ልዩነቱ ጎሹ ላይ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላይ ነው?»

ሻጩ ፈገግ አሉ። «ና ወደ ጓሮ።»

ከሱቁ ጓሮ በአጥር የተከለለ የመለማመጃ ሜዳ አለ፤ ጫፉ ላይ የአፈር ክምር፣ ክምሩ ላይ የወረቀት ዒላማ። የነጎድጓድን ወንድም የሚሆን ጠመንጃ ሰጡት። ጆሮውን ሸፈኑለት፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ አስተካከሉለት። ቀጭኔ ቃታውን ሳበ።

የሆነውን ሲናገር እስከ ዛሬ እጁን ያወናጭፋል። መጀመሪያ ሰማይ አየ። ሰማይ ሰማያዊ ነበር። ቀጥሎ አንድ ጫማ አየ፤ የራሱ ነው፤ ከራሱ በላይ ምን እንደሚሠራ ግን አልገባውም። በጀርባው ሣር ላይ ተዘርግቶ ሜትሩ ዓይኑ ላይ ተጠምጥሟል።

«መታሁት?» አለ ከመሬት።

«ዒላማው በሰላም ነው፤ አፈሩን ግን አቁስለኸዋል» አሉ ሻጩ። «ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። ሁሉም ይጨፍናል። ትልቅ ጥይት ከሚገድለው የሚያስጨፍነው ይበዛል፤ የተጨፈነ ዓይን ደግሞ ጎሽ ቀርቶ ጎተራም አይመታ። አሁን የእመቤትን እህት ሞክራት።»

እሷም ረገጠችው፤ ግን እንደ በቅሎ ሳይሆን እንደ ታናሽ እህት። መጀመሪያ ጨፈነ። ሲደግም አልጨፈነም። ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀዳዳ ሲያይ ሜዳውን እየዘለለ ዞረው፤ ሻጩም ጠመንጃውን ቶሎ ተቀበሉት።

ያም ሆኖ ልቡ አልቆረጠም። ሁለቱንም ጥይት ይዞ፣ የማይፈልገውን ሊመልስ ተነጋግሮ፣ ፀጉር ቆራጩ ጋ ገባ። ትከሻው ይነድ ነበር። ሸሚዙን አውልቆ መስተዋቱ ፊት ተቀመጠ።

«በስመአብ!» አለ ፀጉር ቆራጩ። «ሻኛ አበቀልክ እኮ!»

ቀጭኔ መስተዋቱን አየ። የቀኝ ትከሻው አብጧል። የቀኙ ብቻ። የሰፊ ዓይን ነገር፣ ቅርጹን የት እንዳየው ወዲያው መጣለት። በሩ አጠገብ። የተሰቀለ። የቀኝ ትከሻው እንደ ግመል ሻኛ...

«ካልሲው!» ብሎ ሲነሳ ከመብራቱ ጋር ተጋጨ። «ወይኔ ጉዴ! ካልሲው!»

ሸሚዙን ሳይለብስ በጎዳናው አልፎ ሱቃችን ገባና ቅርጫቱ ላይ ተደፋ። ብጥስጣሽ ጨርቅ እንደ ላባ በረረ። እኔ ደግሞ ካልሲውን ካውያ ልጠርግበት አንስቼው ነበር፤ እያፈርኩ ሰጠሁት። ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ካልሲውን እንደ ታማሚ ልጅ አቀፈው።

«ገባህ?» አለኝ። «ሴትዮዋ ነጎድጓድ ሲረግጣቸው ኖሯል። ለማንም አልተናገሩም። በገዛ እጃቸው፣ በዚያ ክፉ ስፌት፣ ትከሻቸውን ደብቀው ሰፉ። እኔ አዋቂው ጎልጉዬ ጣልኩት! ነገ ትከሻቸው ባዶ ነው። ልጠይቅ ቢሉም ምስጢራቸው ሊወጣ ነው፤ ለዚህ ነው ዝም ያሉት!»

«መልሰህ ስፋው» አልኩት።

«ጃኬቱ እሳቸው ጋ ነው። ብሰፋውስ? ካልሲ ትከሻ ያድናል እንጂ ዓይን አይከፍትም። እኔ ደግሞ ከጎናቸው ነኝ የምቆመው።»

«ትልቁን!» አለ ግድግዳው።

«አንተ ዝም በል!» አለ ቀጭኔ። ቀጭኔ ሰውን «ዝም በል» ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እማማ ዒላማ ቤት ደረሰ፤ መቃኑን እንደ ልማዱ ገጨ። ልጅቱ ከሥራ ገብታ እናቷ አጠገብ ተቀምጣለች። «ብቻችንን ላነጋግርዎት» ብሎ ለመነ። «እዚሁ ተናገር፤ በዚህ ቤት ጆሮ አይደበቅም» አሉት። ጃኬቱ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ቀጥ ብሎ፣ አምሮ፣ እንደ ወንጀል ማስረጃ።

ቀጭኔ የእመቤትን ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ቀጠን፣ መለል ብለው ተሰለፉ።

የልጅቱ ፊት ወደቀ። «ለጎሽ እኮ ነው...» አለች ቀስ ብላ።

«ለምን?» አሉ እናትየው።

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ስለ ትከሻዎ ብሎ ቢናገር ብልህ ይባላል፤ የእሳቸው ምስጢር ግን ልጃቸው ፊት ይፈሳል። ቀጭኔ ምራቁን ዋጠ፤ ወረደ፣ ወረደ።

«ፈርቼ ነው፣ እማማ።»

«ምን አልክ?»

«ፈሪ ነኝ። ከጎንዎ የምቆመው እኔ ነኝ። ነጎድጓድ ሲጮህ እኔን የሚያገኙኝ ዛፍ ላይ ነው። እባክዎ፣ ለእኔ ሲሉ በእመቤት ይተኩሱ።»

ልጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እናትየው በረጅሙ ተነፈሱ። «እኔ ፈሪ አማች ምን ያደርግልኛል?»

ቀጭኔ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ከብብቱ አወጣ። «ይሄ ደግሞ ከጃኬትዎ የተረፈ ጨርቅ ነው። የሰፊ ደንብ ነው፤ ትራፊ ለባለቤቱ ይመለሳል።»

እማማ ዒላማ ወረቀቱን በአንድ ጥጉ ገለጥ አድርገው አዩ። መልሰው ሸፈኑት። ቀጭኔን አዩት። እንደገና ገለጥ አደረጉ። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅቱ ሊያለቅሱ መስሏት ስትነሳ ሳቁ ፈነዳ። ሳቁ! ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ ጥይቶቹ እንደ ቁማር ጠጠር እስኪንከባለሉ ሳቁ።

«የአባትሽ ካልሲ ነው!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ሱፉን ወደ ላይ አንስተው። «እኔ ቁጭ ብዬ፣ ይሄ ሰውዬ አሾፈብኝ ወይስ ጅል ነው እያልኩ ሌሊቱን ሳሰላስል! ነጎድጓድን ብተወው እማማ ዒላማ ደከሙ ይሉኛል ብዬ ነው የጠቀጠቅኩት። ባለፈው ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ ተኩሼ የዛፍ ቅርንጫፍ ጣልኩ። ጎሹ ቀና ብሎ አየኝ፤ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ሣሩን እየጋጠ ሄደ! ለሰው ግን ሆን ብዬ ማርኩት አልኩ።»

«እማዬ!»

«ዝም በይ። ይሄ ል...» አሉና ከንፈራቸውን ነከሱ። «ይሄ ሰፊ እኔን ላለማዋረድ ራሱን ፈሪ አለ። ፈሪ እንዲህ አይደፍርም።» ጥይቶቹን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱ። «ሆኖም ደንብ ደንብ ነው። ጥይቱን ለጎሹ ነው የመረጥከው፤ ጎሹ ይፍረድ። ነገ ከጎኔ ትቆማለህ።»

በማግሥቱ ጠዋት ቀጭኔ በእርግጥም ቆመ። ጤዛው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አርሶታል፤ ፈቃድ የሚቆጣጠረው የዱር ጠባቂ ከኋላቸው አጎንብሷል። ከመንጋው የተለየ አንድ ሽማግሌ ጎሽ ከቁጥቋጦው ጥግ ወጣ። ግድግዳ ነው ያለው ፀጉር ቆራጭ አልዋሸም። ጎሹ ወደ ጎን ዞረ። እማማ ዒላማ እመቤትን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ቀጭኔ ጎሹን አላየም፤ ያየው የሴትዮዋን ፊት ነው። ሁለቱም ዓይናቸው እንደ መስኮት ተከፍቶ ነበር።

ተኩሱ አንድ ነው። ጎሹ ጥቂት ሄዶ በጉልበቱ ወደቀ፤ አልተነሳም። ጠባቂው አረጋግጦ እጁን ሲያነሳ እማማ ዒላማ ተነፈሱ፤ ሊራመዱም ሞከሩ፤ አልተንቀሳቀሱም። ዞር ብለው ቢያዩ ቀጭኔ የጃኬታቸውን ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል፤ ከየት ጀምሮ እንደያዘው እሱም አያውቅ።

«ልጄ» አሉት፣ «ጃኬቴን ልቀቅልኝ እንጂ።»

ቀጭኔ ለቀቀ። የጫፉ ዘምዘማት፣ የታጠፈው ስፌት፣ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። ቀለበት እንደሚገዛ አውቆ እየሳቀ፣ ከደረቱ ላይ መርፌዋን መዘዘ፤ ጤዛው ላይ ተንበርክኮም የአማቱን ጃኬት እዚያው ሰፋ።